ኦክቶፐስ ከመግዛታችሁ ከሦስት ወር በፊት

ኦክቶፐስን ቤት ውስጥ በጨው ውኃ ገንዳ ማኖር ይቻላል። ችግሩ ጊዜ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው የካሊፎርኒያ ባለ ሁለት ነጥብ ኦክቶፐስ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦክቶፐስ ባይማኩሎይዲስ፣ ምንም ሳይጎድልበት ቢያዝ እንኳ ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ የሚኖረው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ነው። ሁለት ዓመት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። እጃችሁ ሲገባ ደግሞ ከዚያ ላይ ሁለት ሦስት ወር አልፏል። ዓሣ የሚያኖር ሰው ውኃው ቢበላሽበት ቀስ ብሎ የሚያስተካክልበት ጊዜ አለው። ኦክቶፐስ የሚያኖር ሰው ግን ያ ጊዜ የለውም፤ እናንተ ገንዳውን ስታስተካክሉ የሚያልፈው ወር የእንስሳው ወጣትነት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ገንዳው ይተከላል፣ ውኃው ይበስላል (ማለትም ቆሻሻውን የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች ይበዙበታል)፣ ክዳኑ ይፈተናል፣ እንስሳው መጨረሻ ላይ ይገዛል። መደብር ውስጥ አይቶት የጓጓ ሰው ይህን ሲገለብጠው ነው ኦክቶፐስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞተው።

የትኛው ዝርያ?

ባለ ሁለት ነጥቡ ከመካከለኛው የካሊፎርኒያ ጠረፍ እስከ ሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ድረስ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በድንጋይ ስንጥቅና በአለት ሥር ይኖራል። ከሁለቱ ዓይኖቹ በታች አንድ አንድ ክብ ነጥብ አለው፤ በነጥቡ ውስጥ ሰማያዊ ቀለበት ያበራል። ለቤት የተመረጠበት ምክንያት ብዙ ነው። ቀን ቀን ይንቀሳቀሳል፣ ሰውን ቶሎ ይለምዳል፣ መጠኑ መካከለኛ ነው፣ እንቁላሉም ትልቅ ነው። የእንቁላሉ ትልቅነት ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጫጩቱ ሙሉ ኦክቶፐስ ሆኖ ተፈልፍሎ ወዲያው መሬት ይዞ መሄድ ይጀምራል። ኦክቶፐስ ቩልጋሪስ የሚባለው የተለመደው ዝርያ ጫጩቶች ግን ለሳምንታት በባሕር ላይ እየተንሳፈፉ ስለሚያድጉ ቤት ውስጥ ማሳደግ አይሞከርም። ባለ ሁለት ነጥቡ በምርምር ቤቶችም ተወዳጅ ነው፤ በ2015 የዘር ካርታው ሙሉ በሙሉ የተነበበለት የመጀመሪያው ኦክቶፐስ እሱ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ የካሪቢያን ሪፍ ኦክቶፐስ፣ ኦክቶፐስ ብራያሪየስ ነው። ሞቅ ያለ ውኃ፣ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ስለሚፈልግ ማቀዝቀዣ ማሽን ላያስፈልገው ይችላል። ግን የሌሊት እንስሳ ነው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ዘግይቶ የሚተኛ ሰው በደብዛዛ ቀይ መብራት ሊያየው ይችላል፤ ሌላው ሰው ባዶ የሚመስል ገንዳ ሲያይ ይከርማል።

ሰማያዊ ቀለበት ያለውን ኦክቶፐስ፣ ሃፓሎክሌና የሚባለውን ወገን፣ ማንም ቤቱ አያስገባ። ትንሽ ነው፣ ያምራል፣ አንዳንድ ቦታም ይሸጣል። በምራቁ ውስጥ ያለው ቴትሮዶቶክሲን የሰውን የመተንፈሻ ጡንቻ ያሽመደምዳል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ንክሻውም ብዙ ጊዜ አያምም፤ ስለዚህ ሰውየው መነከሱን ሳያውቅ ሊዘገይ ይችላል። ከባለ ሁለት ነጥቡ ጋር አታምታቱት። ባለ ሁለት ነጥቡ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ቀለበት ብቻ ነው ያለው፤ መርዛማው ግን ገላውና ክንዶቹ ላይ ብዙ ቀለበት ተበትኖበታል። ግዙፉን የፓስፊክ ኦክቶፐስ፣ ዋንደርፐስ የሚባለውን ኦክቶፐስ፣ እንዲሁም ሌሎች እንስሳትን መስሎ የሚታየውን ሚሚክ ኦክቶፐስ በባሕራቸውና በትልልቅ የሕዝብ አኳሪየሞች ብንተዋቸው ነው የሚሻለው።

ሻጩን አራት ነገር ጠይቁ፦ የዝርያውን ሙሉ ስም፣ የተፈለፈለበትን ወይም የተያዘበትን ቀን፣ ምን እየበላ እንደሆነ፣ ጾታውን። «ቡናማ ኦክቶፐስ ነው» ብቻ የሚላችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ የማይታወቅ ነገር ነው። ከባሕር የተያዘ ትልቅ ኦክቶፐስ ዕድሜው ስለማይታወቅ፣ ገዝታችሁት በሳምንታት ውስጥ በእርጅና ሊሞት ይችላል፤ ውኃችሁ ጥፋት ሳይኖርበት። በእርባታ የተፈለፈለና ሁለት ሦስት ወር የሞላው ከሁሉም ይሻላል። ገና የተፈለፈለ ጫጩት ርካሽ ሆኖ ብታገኙትም በየቀኑ ሕያው ማይሲድና አምፊፖድ የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ማቅረብ ካልቻላችሁ ይቅርባችሁ።

ጾታውን በቀኝ በኩል ከፊት ሲቆጠር ሦስተኛ በሆነው ክንድ ትለያላችሁ። የወንዱ ክንድ ጫፉ ላይ መምጠጫ የለውም፣ ለስላሳ ማንኪያ መሳይ ነው። ወንዱም ያንን ክንድ ጠቅልሎ መያዝ ይወዳል።

ገንዳውና ውኃው

ለአንድ ባለ ሁለት ነጥብ ኦክቶፐስ ዝቅተኛው 200 ሊትር ነው። እኔ የምመክረው 280 ሊትር ገደማ የሆነውን፣ ርዝመቱ 122፣ ወርዱ 46፣ ከፍታው 53 ሳንቲ ሜትር የሆነውን መደበኛ ገንዳ ነው፤ ከሥሩም ከ70 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ ሳምፕ ይኑረው። ሳምፕ ማለት ከዋናው ገንዳ የሚፈስሰው ውኃ የሚወርድበት፣ ተጣርቶ በፓምፕ የሚመለስበት ሁለተኛ ገንዳ ነው። ለኦክቶፐስ ሳምፕ ቅንጦት አይደለም። ማሞቂያ፣ ፓምፕ፣ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ የሙቀት መለኪያ፣ ማንኛውም ክንድ ሊነካው የሚችል ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል። ዋናው ገንዳ ውስጥ የተተወ ማሞቂያ ኦክቶፐሱን ያቃጥለዋል፤ ክፍት የሆነ የፓምፕ መሳቢያ ክንዱን ይቆርጠዋል። ገንዳው ሲሞላ ከነድንጋዩ 400 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለዚሁ የተሠራ መቆሚያና ጠንካራ ወለል ያስፈልገዋል።

ያገለገለ ገንዳ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት መዳብ ተደርጎበት እንደሆነ ነው። የኦክቶፐስ ደም ሰማያዊ ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከምለት ሄሞሳያኒን የተሠራው በመዳብ ነው። እንዲያም ሆኖ ውኃ ውስጥ የሟሟ መዳብ በጥቂቱም ይገድለዋል። የዓሣ ጥገኛ ነፍሳትን ለማጥፋት የሚሸጡ ብዙ መድኃኒቶች መዳብ አለባቸው፤ ያ መዳብ በሲሊኮኑና በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ከወራት በኋላ ቀስ በቀስ ይወጣል። ታሪኩ የማይታወቅ ገንዳ ወይም ድንጋይ አትውሰዱ። የናስ መገጣጠሚያ፣ የመዳብ ቱቦ፣ የዛገ ማግኔት፣ የብረት መቆንጠጫ ከውኃው ጋር አይገናኝ።

ውኃው ከቧንቧ በቀጥታ አይቀዳም። አር.ኦ/ዲ.አይ በሚባለው ማጣሪያ ያልፋል፤ በውኃው ውስጥ የሟሟውን የሚያሳየው የማጣሪያው መለኪያ ዜሮ ማንበብ አለበት። በየሊትሩ 36 ግራም ገደማ የባሕር ጨው ቅይጥ ይገባል፤ ለ300 ሊትር 11 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ሁልጊዜ ጨው በውኃ ላይ ይጨመራል፤ ውኃ በጨው ላይ ከተደፋ ካልሲየሙ ይረጋና ነጭ ደለል ይሆናል። በፓምፕ እየተናጠ 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨዋማነት መለኪያ ለኩ፤ አንጻራዊ ክብደቱ ከ1.025 እስከ 1.026 ድረስ፣ ማለትም በሺህ 35 ገደማ ጨው ነው የሚፈለገው። ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4፤ ከቆሻሻ የሚመጡት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፤ ናይትሬት በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን መልካም፣ ከ20 ካለፈ ግን ውኃ ይለወጥ።

ሙቀቱ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ባለ ሁለት ነጥቡን እንደ ሞቃት ባሕር ዓሣ 25 ዲግሪ ላይ ያኖረዋል። እንስሳው ወዲያው አይሞትም፤ ይበላል፣ ያድጋል፣ ይጫወታል። ነገር ግን ውኃው በሞቀ ቁጥር የሰውነቱ ሥራ ይፈጥናል፣ ዕድሜው ያጥራል። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ሲጨምር ውኃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ደግሞ ይቀንሳል፤ በ18 ዲግሪ የባሕር ውኃ በሊትር 7.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ በ25 ዲግሪ 6.7 ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ክፍላችሁ በበጋ ከ20 ዲግሪ በላይ የሚሆን ከሆነ ቺለር የሚባለው የውኃ ማቀዝቀዣ ማሽን የግድ ነው። ከገንዳው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ።

የኦክስጅን ነገር ከተነሣ፣ ይህን አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ልበል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ዝቅ ይላል፤ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውኃ በባሕር ዳርቻ ከተማ 7.4 ሚሊ ግራም ሲይዝ በአዲስ አበባ 5.6 አካባቢ ነው። ምንም ያህል አረፋ ብትነፉበት ከዚያ በላይ አይወጣም። ሦስት ልብ ያለው፣ ኦክስጅን አጥብቆ የሚፈልግ የባሕር ዳርቻ እንስሳ በዚህ ላይ የመብራት መቆራረጥ ሲጨመርበት አይችለውም። የጨው ውኃ ገንዳ መጀመር ለሚፈልግ ሰው እዚያ ቻይ የሆኑ ትናንሽ ዓሣዎች ይሻላሉ። አሜሪካም ቢሆን ዴንቨርን በመሰለ ከፍታ ላይ ያላችሁ ይህን አስቡበት።

ማጣሪያው ዓሣ ሻጮች ከሚነግሯችሁ በእጥፍ ይሁን። ኦክቶፐስ ሥጋ በል ነው፣ በፍጥነት ያድጋል፣ አሞኒያውም ከእኩያው ዓሣ እጅግ የበዛ ነው። ፕሮቲን ስኪመር ስትገዙ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አቅም ከገንዳችሁ ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ለ300 ሊትር ገንዳ ለ600 ወይም ለ900 ሊትር የተባለውን ውሰዱ። ስኪመሩ በደቃቅ አረፋ ቆሻሻውን ከማውጣቱ ሌላ አየርም ይጨምራል። መመለሻው ፓምፕ በሰዓት ከ2,000 እስከ 3,000 ሊትር ቢገፋ ይበቃል።

አሁን ወደ መብሰሉ። ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ ገንዳው ውስጥ ደርድሩ። ድንጋዩ በቀጥታ በመስታወቱ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ አሸዋው ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይጨመር። ኦክቶፐስ አሸዋ ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይገፋል፤ አሸዋ ላይ የቆመ ክምር ላዩ ላይ ይናድበታል። የሚነቃነቀውን ለአኳሪየም በተሠራ ማጣበቂያ አያይዙት። ከዚያ የአሞኒየም ክሎራይድ ጠብታ ጨምራችሁ አሞኒያውን በሊትር 2 ሚሊ ግራም አድርሱት፤ የጠርሙስ ባክቴሪያም ጨምሩ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ስትለኩ መጀመሪያ አሞኒያው ይወርዳል፣ ናይትራይት ይወጣል፤ ቀጥሎ ናይትራይቱ ይወርዳል፣ ናይትሬት ይወጣል። 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ አልቋል። ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ የውኃውን ግማሽ ለውጡ።

ብዙዎች እዚህ ላይ ቆመው እንስሳውን ይገዛሉ። ገና ነው። የቀሩትን ሳምንታት ባዶውን ገንዳ እንደ ኦክቶፐስ መግቡት። በየቀኑ አንድ ቁራጭ ሽሪምፕ ጨምሩ፤ በማግስቱ የተረፈውን አውጡና አሞኒያ ለኩ። ጥቂት ትናንሽ ሸርጣኖችና ቀንድ አውጣዎችም ይግቡ። አሞኒያው ለተከታታይ ሦስት አራት ሳምንታት ዜሮ ሆኖ ከቆየ ባክቴሪያው የእንስሳውን ሸክም ይችላል ማለት ነው። ዜሮ ካልሆነ ስኪመሩ ያንሳል ወይም ድንጋዩ ያንሳል፤ ያንን እንስሳው ሳይኖር ማወቁ ነው የዚህ ሁሉ ጥቅም። በዚሁ ጊዜ ሌሊት ሌሊት በባትሪ ድንጋዩን ፈትሹ። ከባሕር በመጣ ድንጋይ ውስጥ ማንቲስ ሽሪምፕ ወይም ትልቅ ሸርጣን ተደብቆ ሊመጣ ይችላል፤ ትንሽ ኦክቶፐስን ይገድላል።

ክዳኑ

በኦክቶፐስ ገላ ውስጥ ጠንካራው ነገር ምንቃሩ ብቻ ነው። ምንቃሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሌላውን ገላ ሁሉ ያሳልፋል። በ2016 ዜናው ዓለምን የዞረው ኢንኪ የሚባለው ኦክቶፐስ በኒውዚላንድ፣ ኔፒየር ከተማ ከሚገኘው ብሔራዊ አኳሪየም ያመለጠው በትንሽ ክፍተት ከገንዳው ወጥቶ፣ ወለሉን ተሻግሮ፣ 50 ሜትር ገደማ በሚረዝም የውኃ መውረጃ ቱቦ ወደ ባሕር ገብቶ ነው። የእናንተ ሳሎን መጨረሻው ባሕር የለውም፤ ምንጣፍ ላይ ነው የሚደርቀው።

ክዳኑ ከአንድ ወጥ ወፍራም አክሪሊክ ወይም ፖሊካርቦኔት ይሠራ፤ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው አይጎብጥም። አክሪሊክ ከሥሩ እርጥብ ከላዩ ደረቅ ሆኖ ሲቆይ ጫፎቹ ወደ ላይ የመታጠፍ ጠባይ ስላለው በየሳምንቱ ጠርዙን ዳስሱ። በአራቱ ማዕዘንና በረጅሞቹ ጎኖች መሐል ላይ የፕላስቲክ መቆለፊያ ይኑረው። ክዳኑ ላይ መጽሐፍ ወይም ድንጋይ መጫን ለትንሹ ይበቃ ይሆናል፤ ያደገው ግን መስታወቱን በመምጠጫው ጨብጦ በስምንት ክንድ ሲገፋ ያነሣዋል። ለምግብ የሚከፈተው በር ትንሽ፣ የራሱ መቆለፊያ ያለው ይሁን።

ቀጥሎ ቀዳዳዎቹ። የኤሌክትሪክ ገመድና የውኃ ቱቦ የሚያልፉበት ክፍተት ሁሉ በጠንካራ ስፖንጅ ይጠቅጠቅ፣ ወይም ቱቦው ልክ በልክ በሚይዝ የጎማ ቀለበት ይለፍ። ከሁሉ በላይ የሚረሳው ውኃ ወደ ሳምፕ የሚወርድበት ሳጥን ነው። ኦክቶፐስ እዚያ መግባት ይወዳል፤ ከዚያም በቱቦው ሳምፕ ውስጥ ይወርድና ከስኪመሩ ፓምፕ ጋር ይገናኛል። ውኃ የሚገባባቸውን የሳጥኑን ጥርሶች በሙሉ ቀዳዳው ሦስት ሚሊ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ መረብ ሸፍኑ፣ መረቡንም በፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቁት፤ ለአፍታ ተደግፎ የቆመ መረብ ይነቅለዋል። መረቡ ሲዘጋ ውኃ ሞልቶ ስለሚፈስ በየሳምንቱ ይታጠብ። ሳምፑም ለጥንቃቄ ክዳን ይኑረው።

ኦክቶፐስ ገላው ላይ ባለው ቱቦ ውኃ ይረጫል፣ ሆን ብሎም ያነጣጥራል። የመብራት ሶኬት ከገንዳው በላይ ወይም ፊት ለፊት አይሁን፤ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ ራሱን የሚያጠፋ ሶኬት አስገጥሙ፤ ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብለው ይመለሱ፤ ጠብታው መሬት ይውረድ።

ወጥቶ ካገኛችሁት ሞቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። እርጥበት ካለው በገንዳው ውኃ አቧራውን አጥባችሁ መልሱት፤ ለስላሳ የውኃ ፍሰት ወደ ገላው ከረጢት አፍ እየላካችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ውኃ በስንጥቡ ላይ ካለፈ የሚነቃ አለ።

የመጣበት ቀን

ሲደርስ ከረጢቱን በደብዛዛ ብርሃን ክፈቱ። መንገድ ላይ ቀለም (ሲደነግጥ የሚለቀውን ጥቁር ፈሳሽ) ረጭቶ ከሆነ ቀለሙ በትንሽ ውኃ ውስጥ ስንጥቡን ስለሚደፍን በፍጥነት አብዛኛውን የቆሸሸ ውኃ ቀድታችሁ ንጹሕ የጨው ውኃ ተኩለት። ቀለም ከሌለ ወደ ባልዲ አዛውሩት፤ ክዳን ያለው ባልዲ ይሁን። ከገንዳው በቀጭን ቱቦ በሴኮንድ ሁለት ሦስት ጠብታ እያንጠባጠባችሁ፣ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ከትታችሁለት፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት አቆዩት። ጨዋማነቱና ሙቀቱ ሲገናኝ በእጅ ሳታነሡት ባልዲውን ገንዳው ውስጥ አዘንብላችሁ ራሱ እንዲወጣ ጠብቁት። መብራቱ እስከ ማግስቱ ይጥፋ። ሁለት ሦስት ቀን ተደብቆ ባይበላ አትደንግጡ። ሳምንት ከሞላ ግን ውኃውን ለኩ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

መደበቂያውን በጀርባ በኩል አትሥሩለት፤ ወደ ፊተኛው መስታወት አፉን ያዞረ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ፣ ቀለም ያልተቀባ የሸክላ ዕቃ ወይም ትልቅ ዛጎል ብታስቀምጡ ሲያድር ሲውል ታዩታላችሁ። መብራት ለማየት የሚበቃ ብቻ ይሁን። ከሌላ እንስሳ ጋር አታኑሩት። ዓሣን ወይ ኦክቶፐሱ ይበላዋል ወይ ዓሣው የኦክቶፐሱን ዓይንና ክንድ ይነክሳል፤ ሌላ ኦክቶፐስ ከገባ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ አኔሞንና አንዳንድ ኮራሎች ቆዳውን ያቃጥሉታል። አብረውት መኖር የሚችሉት ጥቂት ናቸው፦ ቀጭን ክንድ ያላቸው የባሕር ኮከቦችና ደብዛዛ እሾህ ያለው የባሕር ጃርት። ቀንድ አውጣ ብትጨምሩ ለምግብ የጨመራችሁ ቁጠሩት።

ምግብና ሥራ

ዋናው ምግቡ ሸርጣን ነው። በአሜሪካ የአኳሪየምና የዓሣ ማጥመጃ መደብሮች በቁጥር የሚሸጠው ትንሹ ፊድለር ክራብ ለባለ ሁለት ነጥቡ ልክ ነው። ኦክቶፐሱ ገና ትንሽ ከሆነ የሸርጣኑን ትልቁን መቆንጠጫ በመቀስ ቁረጡለት፤ ካልተቆረጠ ኦክቶፐሱን ያቆስለዋል። ክላምና መስል የሚባሉ ባለ ሁለት ቅርፊት ሕያው የባሕር ፍጥረታት፣ ከገበያ የተገዛ ያልበሰለ ሽሪምፕ ከነቅርፊቱ ይከተላሉ። ሽሪምፑ ቅመምም ማቆያ ኬሚካልም ያልገባበት ይሁን፤ በረዶው በአር.ኦ ውኃ ይቅለጥ፣ የቀለጠበት ውኃም ይደፋ። የወንዝ ክሬይፊሽ አልፎ አልፎ ይቻላል፤ የዘወትር ምግብ ግን አይሁን። ወርቃማ ዓሣ አትስጡ።

ታዳጊው በየቀኑ ይብላ፤ ያደገው በሳምንት አምስት ስድስት ቀን። መጠኑን እንስሳው ራሱ ይነግራችኋል፤ ይዞ ሄዶ ጨርሶ ከበላ ልክ ነው፣ ግማሹን ጥሎ ከወጣ በሚቀጥለው ቀን ቀንሱ። በረዶ ምግብ እንዲለምድ ሽሪምፑን በፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ይዛችሁ ከመደበቂያው ፊት ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት። የሹል ብረት ዘንግ አይሁን፤ ነጥቆ ይስበዋል፣ ራሱን ይወጋል። የተረፈ ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ባዶ ቅርፊቱን ከደጁ ይከምራል፤ ያንን በሳምንት አንዴ በቱቦ ምጠጡት።

ይህ እንስሳ ሥራ ሲፈታ ይታመማል ብል ማጋነን አይደለም። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ የተበሳበት የፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ ሸርጣን ከታችሁ ስጡት። መጀመሪያ ክዳኑን ላላ አድርጉት፤ መክፈት ሲለምድ በትንሽ በትንሹ አጥብቁት። ሌጎ የሚባሉት የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች ስለማይቀልጡና ቀለማቸው ስለማይለቅ ይሆናሉ፤ ቀለም የተቀባ፣ ብረት ወይም ባትሪ ያለበት መጫወቻ አይሆንም። በየሁለት ሦስት ቀኑ ለውጡለት። ከሁሉ በላይ የሚወደው ግን እጃችሁን ነው። እጃችሁን በብዙ ንጹሕ ውኃ ብቻ ታጠቡ፤ የሳሙናና የቅባት ርዝራዥ ይጎዳዋል። እሱ ይምጣ፣ እናንተ አትያዙት። መምጠጫዎቹን ከቆዳችሁ ስታላቅቁ ከጫፍ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ነው፤ ከጎተታችሁት ይፈራና ቀጥሎ አይመጣም። ኦክቶፐስ ሁሉ መርዝ አለው፤ የባለ ሁለት ነጥቡ ንክሻ እንደ ንብ ይለበልባል፣ አለርጂ ላለበት ሰው ግን ቀላል አይደለም። በተለይ ምግብ ሲጠብቅ ጣት ከክንዶቹ መሐል፣ ከአፉ አጠገብ አይግባ።

ሳምንታዊው ሥራ አጭር ነው። ከ45 እስከ 60 ሊትር ውኃ ተለውጦ በእኩል ጨዋማነትና ሙቀት ይተካል፣ የሳጥኑ ጥርሶችና መረቦች ይታጠባሉ፣ አምስቱ ልኬቶች (ጨዋማነት፣ ፒኤች፣ አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት) ይመዘገባሉ። በትነት የጎደለው ግን ሁልጊዜ ጨው በሌለው አር.ኦ ውኃ ይሞላል፤ ጨው አይተንምና። ገንዳው ውስጥ ቀለም ከረጨ መጀመሪያ ምን እንዳስደነገጠው ፈልጉ፤ ከዚያ ከ150 እስከ 200 ግራም አክቲቭ ካርቦን በከረጢት አስገቡ፣ የስኪመሩን ጽዋ አረፋው እንዳይፈስ እየደፋችሁ ተከታተሉ፣ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ውኃ ለውጡ። የመብራት መጥፋት ከመጣ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ እጅ ሥር ይኑር፤ ይህ እንስሳ ያለ ኦክስጅን የሚቆየው በሰዓታት ነው የሚቆጠረው።

ክንዱን ራሱ ሲበላ ካያችሁ የጭንቀት ወይም የሕመም ምልክት ነው። ውኃውን ለኩ፣ መዳብንም ጨምሩ፤ ሙቀቱን አረጋግጡ። የዓሣ መድኃኒት ግን ከራሳችሁ አውጥታችሁ አትጨምሩበት።

የመጨረሻው ወር

መብላት ያቆማል፣ ይከሳል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ ቆዳው ላይ ነጭ ቁስል ይወጣል፣ ዓይኑ ይደፈርሳል፣ ያለ ምክንያት አደባባይ ወጥቶ ይንከራተታል። እነዚህ በአንድነት ከመጡና ውኃው ንጹሕ ከሆነ እርጅና ነው። ሴቷ ባትገናኝም እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ መደበቂያዋን ዘግታ እንቁላሉን ስታራግብ ስታጸዳ ምግብ ትተዋለች። ይህን የሚያዘው ከዓይኖቿ ጀርባ ያለው ዕጢ ነው፤ ተመራማሪው ጀሮም ዎዲንስኪ በ1977 ባሳተመው ሙከራ ይህ ዕጢ የተወገደላቸው ሴት ኦክቶፐሶች እንቁላላቸውን ትተው ወደ ምግብ ተመልሰው ብዙ ቆይተዋል። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በመድኃኒትም በምግብ ዓይነትም የምትመልሱት ነገር አይደለም። መብራቱን ቀንሱ፣ ፍሰቱን አለስልሱ፣ በየቀኑ ጥቂት ምግብ በዘንግ አሳዩና እምቢ ካለ አውጡ። እንቁላሏን አታንሡባት።

ሥቃዩ ከበዛ የባሕር እንስሳትን የሚያክም ሐኪም በማግኒዥየም ክሎራይድ እያደነዘዘ ሊያሳርፈው ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ መክተት፣ የወንዝ ውኃ ውስጥ መጣል ጭካኔ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 የላቦራቶሪ እንስሳትን በሚጠብቀው መመሪያው ውስጥ ኦክቶፐስንና ዘመዶቹን ያስገባው፣ ብሪታንያም በ2022 ስሜት ያላቸው እንስሳት ብላ በሕግ የተቀበለቻቸው ሕመም እንደሚሰማቸው ማስረጃው ስለጠነከረ ነው። ወደ ባሕርም አትልቀቁት፤ ያረጀው እዚያም ይሞታል፣ ከገንዳው ይዞ የሚወጣው ተህዋስ ግን ይቀራል።

ከባሕር የመጣች ሴት ከሆነች እንቁላሉ የተዳቀለ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ነጥብ፣ ማለትም የጫጩቱ ዓይን፣ በእንቁላሉ ውስጥ ከታየ ወራት ቢወስድም ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ እርስ በርስ ስለሚበላሉ እያንዳንዳቸው ውኃ በሚያሳልፍ መረብ በተከፈለ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ፤ ማይሲዱም አስቀድሞ ይታዘዝ፣ ከተፈለፈሉ በኋላ የሚታዘዝ ምግብ አይደርስላቸውም። እንቁላል ከሌለና ገንዳው ባዶ ከቀረ ደግሞ በየቀኑ ያንኑ ቁራጭ ሽሪምፕ መጣል ቀጥሉ፤ ባክቴሪያው ካልተራበ ለሚቀጥለው እንስሳ ሦስቱን ወር እንደገና መጠበቅ አያስፈልግም።